ፊሽካዬን ላለማስረከብ ጅማ ድረስ

ጅማን ለማየት አልሄድኩም። ልፈተን ነው የሄድኩት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ፏፏቴና ቤተ መንግሥት የሚፈልግ አንባቢ ካለ ከወዲሁ እንዲመለስ ነው። እኔ ያየሁት መንገድ፣ የሰው ቤት፣ የቅርጫት ኳስ ሜዳ እና የተጫዋች እግር ነው።

ድሬዳዋ የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ። ለማታውቁኝ፣ በየነ እባላለሁ፣ የቅርጫት ኳስ ዳኛ ነኝ። በወጣትነቴ ባቡር ጣቢያ ጭነት አወርድ ነበር። ከመጋዘኑ ጀርባ ሜዳ ነበረ፤ ጨዋታውን እዚያ ለመድኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ ወዲያ ነው፤ እሱንም የዳኝነት ፈተና በጽሑፍ ነው ስለተባልኩ። «ተማር» ብሎ የመከረኝ ሰው አልነበረም። «አንተ የት ታውቅና» ያሉኝ ግን ሞልተዋል። አንዳንዶቹ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ይህን ያንብቡት።

ዘንድሮ ደግሞ «ዕድሜህ ገፍቷል» ተባልኩ። ጅማ ላይ የኮሌጆች ውድድር አለ፣ ኮሚሽነሩ እዚያ ያይሃል፤ ብቁ ነው ካለ ትቀጥላለህ፣ አይደለም ካለ ፊሽካህን ታስረክባለህ አሉኝ። ነገሩ ይኸው ነው። ሌላ ምንም አልተደበቀባችሁም።

ሰኞ

አዲስ አበባ የአጎቴ ልጅ ቤት አድሬ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አብራኝ የምትዳኘው ሄለን ከጎኔ ተቀመጠች። ኮሌጅ ውስጥ ስፖርት የምታስተምር፣ ዕድሜዋ የልጄ፣ አፏ የአያቴ የሆነ ሴት ናት። ገና ከከተማ ሳንወጣ «ጋሼ፣ ሲዳኙ አይቼዎታለሁ። ሩጫዎ እንደ ድሬ ባጃጅ ነው፤ ድምፁ ከፍጥነቱ ይቀድማል» አለችኝ። ባጃጅ ሁልጊዜ ካሰበበት ይደርሳል።

ጊቤ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። «አገሬ ገባሁ» ብዬ መስኮቱን ከፈትኩ። ሰው ሁሉ «ዝጋው!» ብሎ ጮኸብኝ። ብዙም ሳይቆይ መንገዱ ሽቅብ ወጣና ደስታዬን ቀማኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አረንጓዴ ነው። በእኛ በኩል አረንጓዴ ማለት ጫት ነው፤ እሱም በውሃ ልመና። እዚህ የመንገዱ ዳር፣ ገደሉ፣ የቤቱ ጣራ ሳይቀር አረንጓዴ ነው። ሳይለፋበት። ተናደድኩ እንጂ አልተደነቅኩም።

ሰኮሩ ለምሳ ቆምን። ጥብሱ ደህና ነበር። ወደ መኪናው ስንመለስ የሚወርዱት ወርደው፣ ዕቃቸው ከጣራ ወርዶላቸው ሄደዋል። እኔ ምንም አልጠረጠርኩም።

ጅማ የገባነው በዝናብ ነው። የኮሌጁ ማደሪያ በተጫዋቾች ስለሞላ ዳኞቹን ለከተማው ሰዎች አከፋፍለውናል። ለእኔና ለሄለን የደረሱን ሂርማታ ሰፈር ያሉት እትዬ ዘይነባ ናቸው፤ ልጆቻቸውን ድረው ሰፊ ቤት ውስጥ ብቻቸውን የቀሩ ሴት። በሩ ላይ ቆሜ የሰላምታ ወጉን ስጀምር አቋረጡኝ።

«ግቡ ማሎ፣ እባካችሁ! ዝናብ ላይ ቆሞ ሰላምታ የለም። ቢስሚላህ ብለው ይግቡ፣ ሰላምታው ውስጥ ይደርሳል።»

ውስጥ ገብቼ ሻንጣዬን ከፈትኩ። ጥቁር ጫማዬ የለም። የዳኛ ልብሴ የለም። ያለው አንድ ጄሪካን ማርና የሕፃን ሹራብ ነው። ሰኮሩ ላይ የወረደ ሰው የእኔን ሻንጣ ወስዶ ቁርጥ እሱን የሚመስለውን የራሱን ትቶልኛል። ፊሽካዬ ብቻ አንገቴ ላይ ስለነበረ ተረፈ። ሄለን አየችና ግድግዳ ይዛ ሳቀች።

«ነገ የሩጫ ፈተና አለ። ጋሼ፣ ማር ተቀብተው ነው የሚሮጡት?»

እትዬ ዘይነባ አልሳቁም። ስልካቸውን አንስተው በኦሮምኛ ይደዋውሉ ጀመር። የሾፌሩን እናት ያውቋታል፤ የሾፌሩ እናት የረዳቱን ወንድም ታውቀዋለች። እኔ ግን ተስፋ ቆርጬ ተኛሁ። እኛ ጋ የጠፋ ዕቃ ጠፋ ነው፤ ይለቀስለታል እንጂ ስልክ አይደወልለትም።

ማክሰኞ

ጠዋት እትዬ ዘይነባ የአማቻቸውን ጫማ አመጡልኝ። አማቻቸው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ እግሩም የመኪናውን ያህላል። አፍንጫው ላይ ጨርቅ ጠቀጠቁበትና «ይሞክሩት፣ ኢንሻአላህ ይሸከምዎታል» አሉ።

የሩጫው ፈተና እንዲህ ነው። ከቴፕ ድምፅ ይሰማል፤ ድምፁ ደግሞ ሳይሰማ ከአንዱ መስመር ሌላው ላይ መድረስ አለባችሁ። ድምፁ እየፈጠነ ይሄዳል። እናንተ እየደከማችሁ ትሄዳላችሁ። ዳኝነት በአጭሩ ይኸው ነው። ሰው ዳኛ ቆሞ የሚነፋ ይመስለዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ የበላ፣ የተኛ፣ እናቱ ወተት ያጠጣችው የኮሌጅ ልጅ በመልሶ ማጥቃት ሲበር፣ አንተ ከእሱ ቀድመህ ቅርጫቱ ሥር ተገኝተህ ክርኑን ማየት አለብህ። ካልደረስክ ገምተህ ትነፋለህ። ገምቶ የሚነፋ ዳኛ ሌባ ነው፤ የተሰረቀው ነገር አይታይም እንጂ።

ኮሚሽነሩ አቶ ታደለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያል። በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ ፊቱ እንደ ተዘጋ ሱቅ ነው። ሮጥኩ። ጫማው እግሬ ውስጥ ይዋኛል። ሁለት ወጣት ዳኞች ወገባቸውን ይዘው ወጡ። እኔ ድምፁ እስኪያልቅ ሮጥኩ። ሳንባዬ በጉሮሮዬ ሊወጣ ሲል አቶ ታደለ ተነስቶ መጣ።

«ጫማው የማን ነው?» አለኝ።

«የአማች።»

«እሺ» ብሎ ሄደ። በቃ። ማለፌን የነገረችኝ ሄለን ናት።

ከሰዓት በኋላ ሻንጣዬ ከሰኮሩ መጣ። ይዛው የወረደችው ሴት ለአራስ ልጇ ማር ይዛ ስትሄድ ነው የተቀየረባት። ሾፌሩ እንደነገረን፣ ጥቁሩን ጫማና የዳኛውን ልብስ ስታይ «የሰው እንጀራ ይዤ ወርጃለሁ» ብላ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ መኪና ጠብቃለች። ማሯን ልንልክላት ስንል «ግማሹን ለዳኛው አስቀሩለት ብላለች» አለን። እትዬ ዘይነባ በሳህን ቀንሰው አስቀሩልኝ። በላሁት። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ሲነግረኝ ውሸት ይመስለኝ ነበር።

ረቡዕ

የምድቡን ጨዋታዎች በዙሪያው ባሉ የቡና ከተሞች ለማጫወት ተወስኖ ስለነበር ወደ ሊሙ ገነት ሄድን። ወቅቱ የቡና ለቀማ ነው። መንገዱ ዳር ቀዩ እሸት ቡና በማድረቂያ የሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ ሴቶች ጎንበስ ብለው መጥፎውን ይለቅማሉ። ቁርስ በቅቤ የተጠበሰ ቡና ከነገለፈቱ አቀረቡልን፤ ቡነ ቀላ ይሉታል። እኛ የቡናውን ገለፈት በወተት አፍልተን ሆጃ ብለን እንጠጣለን፤ እነሱ ደግሞ ይበሉታል። ጥርሴን አሞኛል፣ ግን ደገምኩ።

ጨዋታው መሃል ላይ መብራት ጠፋ። የሰዓት ያዡ ጠረጴዛ ላይ ያለው መለከት በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፤ ዝም አለ። አንድ የቡና ነጋዴ «ምን ችግር አለ» ብሎ አይሱዙውን ሜዳው ዳር አቆመልን። ሰዓት ያዡ እጁን ሲያነሳ የመኪናው ረዳት ክላክስ ይነፋል። ጥሩ ዘዴ ነበር። ችግሩ፣ ሊሙ በለቀማ ወቅት መንገዱ ሁሉ አይሱዙ ነው። አንዱ ቡና ጭኖ ሲያልፍ አህያ ገባችበትና ክላክሱን ለቀቀው። ተጫዋቾቹ ሩቡ ያለቀ መስሏቸው ቆሙ። አንድ ልጅ ብቻ አልቆመም፤ ሄዶ አገባ።

ጩኸት ሆነ። አሠልጣኙ «ክላክስ ተነፍቷል!» ይላል። ተመልካቹ «የእኛ አይሱዙ አይደለም!» ይላል። አንድ ሽማግሌ ከአጥሩ ላይ «አህያዋን ጠይቋት!» አሉ።

ግቡን አጸደቅሁ። ከመንገድ የመጣ ድምፅ ጨዋታ አያቆምም፤ ጨዋታ የሚያቆመው ፊሽካና የጠረጴዛው ምልክት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ከሌላው እንዲለይ የእኛ አይሱዙ ሦስት ሦስቴ እንዲነፋ አደረግሁ። ተመልካቹ ሆ አለ፤ የተቆጠረባቸውም ሳቁ። አቶ ታደለን አየሁት። ሱቁ እንደተዘጋ ነው።

ሐሙስ

ጅማ ተመልሰን ግማሽ ፍጻሜውን ዳኘን። የከተማው ኮሌጅ ይጫወታል፤ አምበሉ ቶሌራ ነው። ልጁ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ ኳስ ሲይዝ ግን እንደ ድመት የሚለሰልስ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ድሬ እንዲህ ያለ ተጫዋች ከነበረን ቆይቷል።

የኮሌጅ ልጅ መዳኘት ከሁሉ ይከብዳል። ሕጉን አንብቧል። በስልኩ የውጭ ጨዋታ ሲያይ ያድራል፤ እዚያ ያየውን ሁሉ እዚህም ሕግ ይመስለዋል። ስትነፋበት ይከራከርሃል፣ በእንግሊዝኛ። ቶሌራ ከዕረፍት በኋላ ክርኑን ዘረጋ፤ ነፋሁበት። ዘወር ብዬ ወደ ጠረጴዛው ስሄድ ኳሱን በሙሉ ጉልበቱ ጀርባዬ ላይ ወረወረው። ዞርኩና በሩን አሳየሁት። በውድድሩ ደንብ እንዲህ የተባረረ ቀጣዩን ጨዋታ አይሰለፍም።

ቡድኑ ያለ እሱ አሸነፈ። ቀጣዩ ጨዋታ ማለት እንግዲህ ፍጻሜው ነው፤ ከሐዋሳ ከመጣው ኮሌጅ ጋር። ከተማው ተቆጣ። ቤት ስንመለስ ባጃጅ ነጂው በመስታወት እያየኝ «ጋሼ፣ አንተ ነህ አይደል?» አለኝ። «እኔ ነኝ» አልኩት። መስታወቱን ወደ ውጭ አዞረው።

ዓርብ

ጠዋት አዌቱ ወንዝ ዳር ሄጄ ቆምኩ። የእኛ ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ውሃ ሲመጣበት ደግሞ ሰው ሊወስድ ነው የሚመጣው። አዌቱ ዝም ብሎ ይፈሳል። ቀናሁበት።

አቶ ታደለ እዚያ አገኘኝና አብረን ተመለስን። መንገድ ላይ ነገረኝ። የከተማው ሰዎች ለቶሌራ ሲለምኑ አድረዋል፤ ኮሚቴው ደግሞ «ዳኛው ቅሬታ የለኝም ካለ እናስብበታለን» ብሏል። «አንድ ቃል ነው የሚጠበቀው፣ ከእርስዎ» አለኝ። ምን በል አላለኝም። ፈተናዬ ይህ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። እሺ ካልኩ ዳኛ አይደለሁም። እምቢ ካልኩ ነገ ለደኅንነቴ ብለው ከፍጻሜው ሊያወጡኝ ይችላሉ፤ ፍጻሜ ያልዳኘ ሽማግሌ ደግሞ ፊሽካውን ያስረክባል።

እትዬ ዘይነባ ምሳ አቅርበው፣ አቶ ታደለም ሻይ እየጠጣ ሳለ፣ ከጁምዓ ሶላት የተመለሱ ሦስት ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆሙ። የፊተኛው ሐጂ አባ ጊዲ ናቸው፤ ድሮ የቡና ነጋዴ የነበሩ፣ በከተማው ቃላቸው የሚሰማ። የሦስቱም እጅ ላይ እርጥብ ሣር አለ።

ሣሩ የዕርቅ ልመና ነው። እኛም አገር ይታወቃል። እርጥብ ሣር ይዞ የመጣን ሽማግሌ እምቢ ማለት ሰው አያደርገውም። እትዬ ዘይነባ ፊታቸው ተለወጠ። ሄለን ሹካዋን አስቀመጠች።

«ኮቱ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ አባ» አሉ እትዬ ዘይነባ።

«መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም» አሉ ሐጂ አባ ጊዲ። ወደ እኔ ዞሩ። «ኦቦ በየነ፣ ልጃችን በድሎሃል። በኳስ ጀርባህን መትቶሃል። አንተ ትልቅ ሰው ነህ። ስለ አላህ ብለህ ይቅር በለው። የተበደልከው አንተ፤ አንተ ይቅር ካልክ ነገሩ አለቀ። ነገ ይጫወታል።»

«ቂም የለኝም አባቴ» አልኩ። «ይሄ ጀርባ ከኳስ የባሰ ተሸክሟል።»

«አልሐምዱሊላህ! ታዲያ…»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እዚህ አገር ሽምግልና ሲቀመጥ፣ አጥፊው አጥፍቻለሁ ሳይል ሣር ይያዝለታል?»

የያዙትን ሣር አዩት። ጓደኞቻቸውን አዩ። ከዚያ ሳይታሰብ ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ።

«አይያዝም። ቶሌራን አንድም ሰው አልጠየቀውም። ኳስ ነው ብለን ናቅነው፤ ሰው ተገዳድሎ ቢሆን እንዲህ አንሳሳትም ነበር። ጥሩት!»

ቶሌራ ተጠርቶ እስኪመጣ አልተቀመጡም። ልጁ ጎንበስ ብሎ ገባና ግድግዳው ሥር ቆመ።

«ኳሱን ወርውረሃል?» አሉት።

«አባ፣ ከእጄ አምልጦኝ…»

«ቶሌራ!»

መሬት መሬት አየ። «ወርውሬያለሁ። ተናድጄ ነው።»

«ያመነ ሰው ምን ያደርጋል?»

«ይክሳል።»

«በምን ትክሳለህ?»

ይህን ጊዜ እኔ አፌን ልከፍት ነበር። ሄለን በክርኗ ጎሸመችኝ። የልጁ ዓይን እንባ አቅርሯል፤ ፍጻሜ የሚደርሰው በዕድሜው አንዴ ነው፣ ዘንድሮ ይመረቃል።

«ነገ ልቀመጥ» አለ።

«ሰማችሁ?» አሉ ሐጂ አባ ጊዲ። ሣሩን ወደ እኔ ዘረጉ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ቶሌራ መጥቶ ትከሻዬን ሳመ፤ ለመሳም ጎንበስ ማለት ነበረበት። ሦስቱ ሽማግሌዎች ያን ጊዜ የጅማ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ምሳው እንደገና ቀረበ። አቶ ታደለ ብርጭቆውን አነሳ።

«ሻይ ጨምሩልኝ» አለ።

ቅዳሜ

ሌሊቱን ዘንቦ ሜዳው ኩሬ ሆኗል። ልጆቹ የቡና ገለፈት በጆንያ አምጥተው በተኑበት፣ ውሃውን ሲጠጣ ጠረጉት። እኛ አገር ሜዳ የሚጠረገው ከአቧራ ነው። ሰው አጥሩ ላይ፣ ዛፉ ላይ፣ የጎረቤት ጣራ ላይ ሞልቷል። ፊተኛው ረድፍ ላይ ሐጂ አባ ጊዲ ከዘራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ቶሌራ፣ በሸሚዝ።

ስለ ጨዋታው ሁሉ አልነግራችሁም። ሐዋሳዎቹ ፈጣን ናቸው፤ የከተማው ልጆች ያለ አምበላቸው በንዴት ይጫወታሉ። እኔና ሄለን ሮጥን። እሷ ከፊት ስትሆን እኔ ከኋላ፣ እኔ ቅርጫት ሥር ስሆን እሷ መስመር ላይ። ሳንነጋገር ተግባባን። ጥሩ ዳኝነት ሰው የማያየው ነው። ጨዋታው አልቆ «ዳኛው ማን ነበር?» ከተባለ ጥሩ ዳኝተሃል ማለት ነው።

ግን መጨረሻው ላይ መታየት ግድ ሆነ። ሐዋሳ በአንድ ነጥብ ይመራል፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። የከተማው አጭሩ ልጅ ኳሱን ይዞ ሰንጥቆ ገባ። እኔ ቅርጫቱ ሥር ደርሻለሁ። ተመልካቹ ኳሱን ያያል። እኔ እግር አየሁ። የሐዋሳው ተከላካይ ሁለት እግሩን ተክሏል፣ ደረቱን አዙሮ ቆሟል። ልጁ ደረቱ ላይ ወጣ። ተከላካዩ በጀርባው ወደቀ። ኳሱ ገባ።

ጅማ ፈነዳ። ሰው ከጣራ ዘለለ።

ፊሽካዬ ግን ተነፍቷል። ቡጢዬን መዳፌ ላይ መታሁ፣ ወደ ሌላኛው ቅርጫት ጠቆምኩ። የአጥቂ ፋውል፤ ቀድሞ ቆሞ የጠበቀን ተከላካይ የገጨ ጥፋቱ የራሱ ነው። ግቡ የለም።

ሄለንን አየሁ፤ በሌላው ማዕዘን ቆማ ራሷን ነቀነቀች፣ አይታለች። ከዛፉ ላይ አንዱ «ሌባ!» አለ። ሌላው ተቀበለው። ድምፁ መወፈር ሲጀምር ቶሌራ አግዳሚው ላይ ወጣ። ቁመቱ ላይ አግዳሚው ሲጨመርበት ሁሉም ሰው አየው።

«ቁጭ በሉ! ቆሟል! እዚህ ፊቴ ነው፣ እግሩ ቆሟል!»

ሐጂ አባ ጊዲ ከዘራቸውን አነሱ። ሰው ተቀመጠ። አምነው የተቀመጡም አሉ፣ ፈርተው የተቀመጡም አሉ፤ ለእኔ ሁለቱም አንድ ነው። ሐዋሳ ኳሱን ይዞ ሰዓቱን ጨረሰ።

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? አጨበጨቡ። መጀመሪያ ከፊት፣ ቀጥሎ ከአጥሩ፣ ኋላ ከጣራው። ለሐዋሳ፣ ለተሸነፉት ልጆቻቸው፣ እና አዎ፣ ለእኔም። ዳኛ ተጨብጭቦለት አያውቅም። ለእኔ ከቶ አያውቅም። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ሐጂ አባ ጊዲ ወደ ሜዳ ገቡ። «በላኸን ኦቦ በየነ» አሉኝ። «ግን በሐቅ በላኸን። ራት እኔ ጋ ነው፤ ሐዋሳዎቹንም ይዘህ ና።»

አቶ ታደለ ቆየ። ሕዝቡ ሲበታተን መጥቶ ፊቴ ቆመ። ፊሽካዬን ከአንገቴ ማውለቅ ጀምሬ ነበር፤ ላብ ስላስቸገረኝ እንጂ ሌላ አስቤ አይደለም። እጄን ያዘኝ።

«እዚያው ይቆይ» አለ። «ለሚመጣው ውድድር ስልክዎን ክፍት ያድርጉ።» ያን ጊዜ ሱቁ ተከፈተ፤ ሳቀ።

«አንተ የት ታውቅና» ያላችሁኝ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብላችሁ አንብቡ።

እሑድ

እትዬ ዘይነባ ለመንገድ ጨጨብሳ ቋጠሩልኝ። «ሲመጡ እንግዳ ማረፊያ እንዳይፈልጉ፤ ቤትዎ ነው» አሉ። «ገለቶማ» ብዬ አመሰገንኩ። ኦሮምኛዬ የሐረርጌ ስለሆነ ሳቁብኝ።

መናኸሪያ ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። ሻይ ሻጩ፣ ተሸካሚው፣ ሊስትሮው ከበቡኝ። አንዱ ተከላካዩን ሆኖ ቆመ፣ ሌላው አጥቂውን ሆኖ ሮጦ ገባበት፤ ተከላካዩ በእርግጥም ወድቆ ተነሳ። «እንዲህ ነበር!» ይላል አንዱ። «የለም፣ ግራ እግሩ ተንቀሳቅሷል!» ይላል ሌላው። አንዲት ሙዝ ሻጭ «እኔ ጣራ ላይ ነበርኩ፣ ቆሟል» ብላ ፈረደች። ተሸካሚው ሻንጣዬን ጣራ ላይ ከጫነ በኋላ ሊወርድልኝ አልፈለገም፤ እዚያው ሆኖ ይከራከራል።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። አጠፋው። በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ይህን ሳይነግሩኝ ከጅማ አልንቀሳቀስም። በእውነት ይንገሩኝ። ቆሞ ነበር?»

መልሱን ለመስማት ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ወጥቷል።

«ቆሞ ነበር» አልኩ።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ።